ሁለተኛው ጥያቄ፦ ለሳይኮሎጂ ድኅረ ምረቃ ቃለ መጠይቅ የትኛው ዝግጅት ያዋጣል?

የቃለ መጠይቅ ጥሪ በኢሜይል ሲመጣ ደስታው የሚቆየው አንድ ቀን ነው። በማግስቱ ጭንቀት ይተካል። አብዛኛው አመልካች ያን ጊዜ የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው፤ ኢንተርኔት ገብቶ «በብዛት የሚጠየቁ ጥያቄዎች» የሚል ዝርዝር ይፈልጋል፣ አርባ ሃምሳውን ያወርዳል፣ ለእያንዳንዱ መልስ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሸመድዳል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። 12 ገጽ ሞላሁ፤ ሳልሳሳት እስክወጣው ድረስም ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ ከረምኩ።

በትምህርት የሚቀድመኝ አንድ የዶክትሬት ተማሪ «ና እስቲ ልጠይቅህ» አለኝ። የጀመረው ከማውቀው ነው፤ «የመመረቂያ ጥናትህ ስለ ምን ነበር?» እንደ ዳዊት ደገምኩለት። ስጨርስ ራሴን በልቤ አመሰገንኩ።

«ስንት ተሳታፊ ነበረህ?»

«84።»

«ለምን 84 ሆነ?»

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር 84 የሆነው ሴሚስተሩ ስላለቀ ነው። ይህ ግን 12ቱ ገጽ ውስጥ የለም። ስለ ናሙና አመራረጥ የባጥ የቆጡን መቀባጠር ጀመርኩ። አስቆመኝና «ሴሚስተሩ አልቆብህ ነው አይደል? እንደሱ በላ! ቀጥለህ ደግሞ በትክክል ስንት ሰው ያስፈልግህ እንደነበር አስረዳኝ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁሉም አመልካች ይመልሰዋል፤ ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ሰው የሚለየው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ፣ ማለትም ከራሳችሁ መልስ ተመዞ በሚመጣው ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የዝግጅት መንገዶችን የማወዳድርበት መስፈሪያ አንድ ነው፦ ይህ መንገድ ሁለተኛውን ጥያቄ ያመጣብኛል ወይስ አያመጣብኝም?

መጀመሪያ ማን ፊት እንደምትቀመጡ እወቁ

«የሳይኮሎጂ ቃለ መጠይቅ» ብሎ አንድ ነገር የለም። የፕሮግራሙ ዓይነት ሲለያይ የሚፈለገው ሰውም ይለያያል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ፣ ማለትም የአእምሮ ሕመምን የሚመረምረውና የሚያክመው ዘርፍ፣ ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉት። በ1949 ኮሎራዶ፣ ቦልደር ላይ የተደረገው ጉባኤ ባለሙያው ተመራማሪም አካሚም ሆኖ መሠልጠን አለበት የሚለውን ሐሳብ አጸደቀ፤ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የዚህ ልጆች ናቸው። በ1973 እዚያው ኮሎራዶ፣ ቬይል ላይ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሕክምናውን የሚያስቀድም፣ ጥናትን ከመሥራት ይልቅ አንብቦ መጠቀም ላይ የሚያተኩር ሥልጠናም የራሱ ዲግሪ ይገባዋል አለ። ሳይ.ዲ. የሚባለው ሙያ ተኮር ዶክትሬት በዚህ ተስፋፋ፤ የመጀመሪያው ፕሮግራም ግን ቀደም ብሎ በ1968 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ ነበር። ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ቃለ መጠይቁ ላይ ለመተረክ አይደለም፤ አትተርኩት። የሚጠቅመው ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው ምን እያዳመጠ እንደሆነ ለመገመት ነው።

ምርምር ተኮር ፒኤችዲ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚመርጣችሁ ኮሚቴው ብቻ ሳይሆን አንድ ፕሮፌሰር ነው፤ ለአምስት ስድስት ዓመት ላብራቶሪው ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሰው እየፈለገ ነው። ስለዚህ የሚጠይቀው «ብትገባ/ብትገቢ ምን ታጠናለህ/ታጠኛለሽ?» ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «ውጤቱ የገመትከውን ባይሆንስ?» የሚል ይሆናል። ለዚህ የሚበጀው ዝግጅት የፕሮፌሰሩን የቅርብ ጊዜ ሦስት አራት ጽሑፎች ማንበብ ነው። አብስትራክቱን (መግቢያው ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ) ግን ሁሉም ያነበዋል። እናንተ ወደ መጨረሻው፣ ጸሐፊው ራሱ የጥናቱን ድክመት ወደሚናዘዝበት ክፍል ሂዱ፤ የሚቀጥለው ጥናት ሐሳብ የተቀመጠው እዚያ ነው። «የትኛውን የታወቀ ግኝት ትጠራጠራለህ?» የሚል ጥያቄም እንግዳ አይደለም። በ2015 ይፋ በሆነ ትልቅ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች እንደገና ተሞክረው በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ውጤት የተገኘው 36 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ግን «የአንተስ ጥናት ቢደገም?» ነው። ያኔ 84ቱ ተሳታፊዎች ተመልሰው ይመጣሉ።

ሙያ ተኮር ፕሮግራሞች ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። አጭር ገጠመኝ ይነበብላችኋል፦ ደንበኛችሁ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድን ሰው ሊጎዳ እንዳሰበ ይነግራችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ አመልካች እዚህ ላይ የሕክምና ጥበቡን ለማሳየት ይሯሯጣል። ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ሳይነገር ይቀራል፦ «ገና ሠልጣኝ ስለሆንኩ በቀጥታ ለሱፐርቫይዘሬ አሳውቃለሁ።» ከዚያ በኋላ ስለ ምስጢር መጠበቅ ወሰን መናገር ይቻላል። በ1976 የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታራሶፍ ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ፣ ማለትም ቴራፒስቱ ደንበኛው ሊጎዳው የዛተበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ሆኖም ሕጉ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ጨምሮ መናገር የበለጠ ብስለት ያሳያል።

ብሪታንያ ውስጥ ክሊኒካል ዶክትሬቱ ሦስት ዓመት ነው፤ ሠልጣኞቹ በአብዛኛው የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ተቀጣሪ ሆነው ደመወዝ እየተከፈላቸው ይማራሉ። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ የሥራ ቅጥር ጠባይ አለው፤ ፓነሉ ላይም ብዙ ጊዜ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ የነበሩ ሰዎች ይቀመጣሉ። እነሱ ፊት በሙያ ቋንቋ መራቀቅ አያዋጣም።

ማስተርስ ላይ ቃለ መጠይቁ አጠር ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም በቡድን ነው። ማዕከላዊ ጥያቄው «ለምን ይህ ሙያ?» ነው። «ሰው መርዳት ስለምወድ» ብላችሁ ከመለሳችሁ ሁለተኛው ጥያቄ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው፦ «ነርስም ሰው ይረዳል፣ መምህርም ይረዳል፤ ለምን ሳይኮሎጂ?» ለዚህ መልስ ከሌላችሁ የመጀመሪያውን መልስ አትስጡ።

የዝግጅት መንገዶቹ

ከሽምደዳው ልጀምር። ጽፎ ደጋግሞ ማንበብ ለምን እንደሚያታልል የራሳችን የሙያ መስክ ጥሩ ማስረጃ አለው። ሮዲገር እና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አጠኑ፤ አንዱ ቡድን ደጋግሞ አነበበ፣ ሌላው አንዴ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበበው ቡድን በለጠ፤ 83 ለ71 በመቶ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን 40 ለ61 ሆኖ ተገለበጠ። ሌሊቱን ገጽ እያገላበጡ ማደር «ገባኝ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን እስከ ቃለ መጠይቁ ቀን አብሯችሁ አይሄድም። ጻፉ፣ መጻፍ ሐሳብን ያጠራል። ከዚያ ገጹን ወደ አምስት ስድስት ቃል አሳጥሩትና ወረቀቱን ዘግታችሁ ተናገሩት። በየቀኑ ትንሽ ለየት ብሎ ከወጣ እሰየው፤ ቃል በቃል የተሸመደደ መልስ አንድ ቃል ከጠፋበት መንገዱ ሁሉ ይጠፋበታል።

መስታወት ፊት መለማመድን ለምን ሁሉም እንደሚመክረው አይገባኝም። የራስን ፊት እያዩ መናገር የሚያስተምረው ስለ ፊት መጨነቅን ነው፤ ደግሞ መስታወት አይጠይቅም። ስልክ ይሻላል። መልሳችሁን ቅዱና በማግስቱ ምስሉን ትታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙት። እኔ መጀመሪያ የቀዳሁት «ስለ ራስህ ንገረን» ለሚለው የሰጠሁትን መልስ ነበር፤ አንድ ደቂቃ ተኩል የመሰለኝ ነገር 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ፤ ጥናቴ የተጠቀሰው ደግሞ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ይህን ማንም ሰው በትህትና ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ስልኩ የማይሰጣችሁ ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሰው በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው እንጂ ሰውን የሚተካ አይደለም።

ጓደኛ ይጠይቃል፤ ግን ይራራል። መልሱ ጥሩ ባይሆንም «አሪፍ ነው» ይላል። መፍትሔው ሥራውን ማቅለል ነው፦ ጥያቄ እንዲያመነጭ አትጠብቁበት፣ አንድ ሕግ ብቻ ስጡት። ለእያንዳንዱ መልስ ሁለት ጊዜ «ለምን?» ወይም «ለምሳሌ?» ብሎ እንዲጠይቅ። ይህን ለማድረግ ሳይኮሎጂ ማወቅ አያስፈልገውም። እንዲያውም መስኩን የማያውቅ ጓደኛ አንድ ብልጫ አለው፤ «አስፈጻሚ ተግባራት» እና «ሚዲዬሽን» ስትሉት ግንባሩን ይቋጥራል፤ የማብራራት ችሎታችሁ የሚለካው ያን ጊዜ ነው።

ከሁሉ የምመርጠው ግን በቅርቡ ያለፈበትን ሰው ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ። የተጠየቀውን ገና አልረሳም፣ እንደ ፕሮፌሰር አያስፈራም፣ ጥናታችሁ ውስጥ የቱ ጋ ቀዳዳ እንዳለም ያያል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በምታመለክቱበት ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ተማሪዎችን የልምምድ አጋር አታድርጓቸው። ብዙ ቦታ ከቃለ መጠይቁ በኋላ አስተያየታቸው ይጠየቃል፤ «ሻይ እየጠጣን የተጨዋወትነው» ያላችሁት ነገርም የሚመዘን ሊሆን ይችላል።

መምህራችሁ፣ በተለይ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈላችሁ፣ አንድ ሰዓት ቢሰጣችሁ መጨረሻ ላይ ተጠቀሙበት። ብዙ ሰው እዚያ ይጀምራልና ያን ውድ ሰዓት ስልክ ሊያርመው በሚችል ስህተት ይጨርሰዋል። «ጥናቴ ላይ እንደማያውቁኝ ሆነው ይጠይቁኝ፤ አይዘኑልኝ» በሏቸው።

በክፍያ የሚያሠለጥኑ ሰዎችስ? በዙሪያችሁ ይህን መንገድ ያለፈ አንድም ሰው ከሌለ ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሳይኮሎጂ ቅበላ ላይ ተቀምጠው ያውቁ እንደሆነ ጠይቁ። ለሥራ ቅጥር የሚያሠለጥን ሰው ራስን መሸጥ ያስተምራል፤ ድክመታችሁን ስትጠየቁ «ፍጹምነትን እወዳለሁ» እንድትሉ ይመክራል። ሥራቸው ሰው ማዳመጥ የሆነ ሰዎች ፊት ይህ ወዲያው ይነቃበታል።

ቻትቦቶችም አሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ በማምጣት ረገድ ከጓደኛ ሊሻሉ ይችላሉ፤ «እየተከታተልክ አፋጥጠኝ» ከተባሉ አይሰለቹም፣ አያፍሩም። ፍርዳቸውን ግን አትመኑ፤ ለማመስገን ይቸኩላሉ። የፕሮፌሰሩን ጽሑፍ እንዲያጠቃልሉላችሁም አትጠይቁ፤ ያልተጻፈ ነገር ጨምረውበት ፕሮፌሰሩ ፊት ብትናገሩት የምታፍሩት እናንተ ናችሁ። የሰጧችሁን የተዋበ ዓረፍተ ነገርም አትውሰዱ፤ ከእናንተ በፊት የገባው ልጅ ያንኑ ብሎት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሳምንት ካላችሁ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለንባብና ቁልፍ ቃላትን ለማውጣት፣ ቀጥሎ ስልክ፣ ቀጥሎ ጓደኛ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀድሟችሁ ያለፈው ተማሪ፣ መጨረሻ ላይ መምህሩ። ሦስት ቀን ብቻ ከቀራችሁ መጻፉንም ዝርዝሩንም ተዉት፤ ሁለት ጽሑፍ አንብቡና የሚያፋጥጣችሁ አንድ ሰው ፈልጉ።

ፊት ለፊት ወይስ በስክሪን

ከ2020 ወዲህ ብዙ ፕሮግራሞች በቪዲዮ መጠየቅ ጀምረው ብዙዎቹ በዚያው ቀጥለዋል። ምርጫው ለእናንተ ከተተወ የሚመዘነው የሚሰጠው መረጃ ነው። በአካል ስትሄዱ ተማሪዎቹ ፕሮፌሰሩ ሲገባ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ ወይስ ፀጥ ይላሉ፣ ይህን ታያላችሁ፤ ይህን የሚያሳይ ካሜራ የለም። በአንጻሩ ቀኑ ረጅም ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቃለ መጠይቅ ላይ ናችሁ፣ ምሳውም ጉብኝቱም ጭምር። ወጪውም አለ። የመጀመሪያ ምርጫችሁ ከሆነና አቅም ከፈቀደ ሂዱ፤ ካልሆነ ስክሪኑን ያለ ጸጸት ምረጡ።

ስክሪን ላይ ትልቁ ወጥመድ ማስታወሻ ነው። «አያዩኝም» ብላችሁ ግድግዳውን በወረቀት ትሞሉታላችሁ፤ ዓይናችሁ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ማንበባችሁ ይታያል። ሦስት ቃል የተጻፈበት አንድ ብጣሽ ወረቀት ከካሜራው ሥር ይበቃል። ብርሃኑ ከፊታችሁ ይሁን፣ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዩ፣ ጠያቂው ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ አንድ ትንፋሽ ጠብቁ፤ የኢንተርኔቱ መዘግየት ሁለት ሰው አንድ ላይ እንዲናገር ያደርጋልና።

ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቃል ቢጠፋችሁ፣ ዓለም ሁሉ ያየው ይመስላችኋል። አላየም። ጊሎቪች እና ባልደረቦቹ በ2000 ባወጡት ጥናት የሚያሳፍር ቲሸርት ለብሰው ክፍል የገቡ ተማሪዎች በቦታው ካለው ሰው ግማሽ ያህሉ እንዳስተዋላቸው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር።

ለብቻ፣ በፓነል፣ በቡድን፣ በየጣቢያው

አንድ ለአንድ ሲሆን ወሬ ይመስላል፤ አደጋውም ያ ነው፣ ተዝናንታችሁ ከርዕስ ትወጣላችሁ። ፓነል ላይ መልሱን ለጠየቃችሁ ሰው ጀምራችሁ ለሌሎቹም አዳርሱ፤ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፈው ሰውዬ ስለጠላችሁ አይደለም፣ መጻፍ ተራው ስለሆነ ነው። ቡድን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ይወድቃል፦ ሁሉን የሚናገርና ምንም የማይናገር። የሌላውን አመልካች ሐሳብ ስሙን ጠርቶ የሚያስቀጥል ሰው ለወደፊት የቡድን ሕክምና እንደሚመች ያስታውቃል፤ ይህን ግን ለማስመሰል ከሞከራችሁት ይታወቅባችኋል።

ከካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የተስፋፋው የጣቢያ ቃለ መጠይቅ ደግሞ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወሩ በእያንዳንዱ ስምንት አሥር ደቂቃ ያህል አንድ ጉዳይ ላይ መነጋገር ነው። እዚህ ሽምደዳ ፈጽሞ አያገለግልም። ጥሩ ጎኑ አንዱ ጣቢያ ላይ ቢበላሽባችሁ የሚቀጥለው ጠያቂ አያውቅም።

አንድ የጎን ወሬ ልጨምር። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ፖል ሚል በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ በቀመር የሚሠራ ትንበያ ከባለሙያ ግምት እንደማያንስ፣ ብዙ ጊዜም እንደሚበልጥ ካሳየ ወዲህ ሳይኮሎጂስቶች ልቅ ቃለ መጠይቅ (ጥያቄዎቹ አስቀድመው ያልተወሰኑለት) ደካማ መመዘኛ እንደሆነ ያውቃሉ። ዳና፣ ዶስ እና ፒተርሰን በ2013 ያወጡት ጥናት ደግሞ ያስቃል፦ ተጠያቂዎቹ በዘፈቀደ ሥርዓት «አዎ» ወይም «አይደለም» እያሉ ሲመልሱ ጠያቂዎቹ አልነቁም፤ እንዲያውም ስለ ሰውየው ብዙ እንዳወቁ ተሰማቸው። ውጤቱን መተንበይ ላይ ግን የቀድሞ የትምህርት ነጥቡን ብቻ ከማየት የባሰ ሆነ። ይህን ሁሉ እያወቅን አሁንም ሰው ጠርተን እናወራዋለን። ካልተቀበሏችሁ የችሎታችሁ የመጨረሻ ፍርድ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ይህን ቃለ መጠይቁ ላይ አታንሱት እንጂ።

የራስን ቁስል መናገር ወይስ መተው

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ ሙያ የመጣነው በራሳችን ወይም በቤተሰባችን ያየነው ነገር ስላለ ነው። «ለምን ሳይኮሎጂ?» ሲባል እውነተኛው መልስ ያ ከሆነስ?

አፕልቢ እና አፕልቢ በ2006 የቅበላ ኮሚቴ ሊቀመናብርትን ጠይቀው ማመልከቻን የሚገድሉ ስህተቶችን ለይተው ነበር፤ ከነዚያ አንዱ ስለራስ የአእምሮ ጤና ከልክ በላይ መናዘዝ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ይሮጥና ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ይደብቃል፤ መልሱም ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። ሁለቱንም አልመክርም፤ ግን በሁለቱ መካከል የግድ ምረጡ ብባል መደበቁን እመርጣለሁ። የተናገሩት አይመለስም።

ሦስተኛው መንገድ እንዲህ ነው። አንዲት አመልካች መጀመሪያ ስትለማመድ «እናቴ ለረጅም ጊዜ ድብርት ነበረባት፣ በጣም ከባድ ጊዜ ነበር፣ እኔም ብዙ ተጎድቻለሁ፣ ለዚህ ነው ሰው መርዳት የምፈልገው» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጠያቂ ብሆን ከዚያ በኋላ ምን እላታለሁ? ማጽናናት እንጂ መጠየቅ አልችልም። እንደገና ስንሞክር እንዲህ ሆነ፦ «ድብርት ቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሚመስል በቅርብ አይቻለሁ። ያኔ ያስገረመኝ እናቴ ሲሻላት እኛ ልጆቹ በነበርንበት መቅረታችን ነው። የወላጅ ሕክምና ልጅ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።» ታሪኩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀሪው ወደ ጥያቄ የተቀየረ። ጠያቂው አሁን የሚይዘው ነገር አለው።

እዚህም መስፈሪያው ያው ነው። «እስቲ ስለዚያ ጨምሪልን» ብትባሉ በተረጋጋ ድምፅ ሁለት ደቂቃ መናገር ትችላላችሁ? ከቻላችሁ ንገሩ። ካልቻላችሁ ቁስሉ ገና ነው፤ ለዚያ ቀን ሌላ መልስ ያዙ።

እናንተ የምትጠይቁት

«ጥያቄ አላችሁ?» ሲባል «የለኝም» ማለት ፍላጎት እንደሌላችሁ ይቆጠራል። ድረ ገጹ ላይ ያለውን መጠየቅም ከዚያ ብዙ አይሻልም። አሜሪካ ውስጥ በሳይኮሎጂ ማኅበሩ ዕውቅና የተሰጣቸው የዶክትሬት ፕሮግራሞች ተማሪ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት፣ ወጪውን፣ ስንቱ ተለማማጅነት እንዳገኘ፣ ስንቱ እንዳቋረጠ፣ ስንቱ የሙያ ፈቃድ እንዳወጣ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ቁጥሩን አስቀድማችሁ እዩና ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ጠይቁ፦ «ተማሪ የጥናት ርዕሱን መቀየር ቢፈልግ ምን ይሆናል?» «ከአማካሪ ጋር አለመግባባት ቢፈጠር አካሄዱ ምንድን ነው?»

አንዱን ጥያቄ ደግሞ ለፕሮፌሰሩም ለተማሪዎቹም ለየብቻ ጠይቁ፦ «በሳምንት ስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ?» ፕሮፌሰሩ «በየሳምንቱ» ብሎ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ከተያዩ በኋላ «እ… እንደ ሁኔታው» ካሉ፣ የቀኑ ትልቁ መረጃ ያ መተያየት ነው። እኔ አንድ ቦታ ይህ ገጥሞኝ አልሄድኩም።

ሲያልቅ በማግስቱ ላነጋገራችሁት ለእያንዳንዱ ሰው አጭር የምስጋና ኢሜይል ጻፉ፤ ከንግግራችሁ አንድ ነገር ብቻ አንሱበት፣ ሁሉም ኢሜይል አንድ ዓይነት አይሁን፤ ያወዳድራሉ። ከዚያ በኋላ አትነዝንዙ። አሜሪካ ውስጥ የዶክትሬት ቃለ መጠይቆቹ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይደረጋሉ፤ ስለ መልስ መስጫ ቀን የጋራ ስምምነት በፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያለበት ቅበላ የደረሰው ሰው እስከ አፕሪል 15 መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። ሁለት ቅበላ በእጃችሁ ካለና ልባችሁ ከወሰነ ያንን ቀን አትጠብቁ፤ የማትሄዱበትን ቶሎ ልቀቁት፣ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስልኩን እያየ የተቀመጠ ሰው አለ። ተጠባባቂዎቹ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ በ14ኛውና በ15ኛው ቀን ስልካችሁን አታጥፉ፤ የማታውቁት ቁጥር ቢደውልም አንሱ።